ግንባር ላይ የተጻፈ ምስጢር

ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ! አራቱንም ጫፍ በፕላስተር ጥርቅም አድርጌ፣ ራቅ ብዬ አይቼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ስላለብኝ ነቅዬ እንደገና ለጥፌ። እጄ አርፎ እንደማይቀመጥ እንድታውቁት ብዬ ነው። አፌንማ ተዉት። ፋብሪካ ውስጥ ስሜ ሬድዮ ነው፣ ቤትም ሬድዮ ነው። ያወጣችልኝ እታለም ናት። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ የጎረቤት ባልና ሚስት የተጣሉትን ቃል በቃል፣ በነድምፃቸው ስደግም ሰምታ "ይቺ ልጅ ማጥፊያዋ የት ነው?" አለች አሉ። በቃ፣ ሬድዮ ሆኜ ቀረሁ።

እታለም አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ። እናቴ "እታለም" ስትላት እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም እታለም ነው የምላት። ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ ፎርክሊፍት ትነዳለች፤ ከነጂዎቹ ሴት እሷ ብቻ ናት። ሠራተኞቹ ካፒቴን ይሏታል። ቁመቷን ሁለት እጥፍ የሚያህል የካርቶን ክምር ተሸክማ በዚያ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ኋላ ስትነዳው ብታዩ! አንድ ጥግ አይነካባትም። የፎርክሊፍቱን ቁልፍ በቀይ ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አስራ ዘጠኝ ዓመት። እኔንም እዚያ ያስገባችኝ እሷ ናት። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እስኪመጣ ቤት ተቀምጬ እናቴን ጨጓራዋን ስልጥ "ነይ ሥራ ልመድ" ብላ ሰው ኃይል ቢሮ የሦስት ወር ጸሐፊ አደረገችኝ።

ኃላፊዬ ማኅተም ናት። ስሟ አይደለም፤ ያየችው ወረቀት ላይ ሁሉ ማኅተም ስለምትመታ ነው። ፊት ለፊቷማ ማን ይላታል፣ ፊት ለፊት "እርስዎ" ናት።

እና ከአንድ ወር በፊት በሌላኛው ፈረቃ የካርቶን ክምር ተንዶ የአንድ ሠራተኛ እግር ሰበረ። ያን ቀን ለልጁ ሚስት ደውላ የነገረችው ማኅተም ነበረች። ስልኩን ዘግታ ያን ቀን አንድም ወረቀት ላይ ማኅተም አልመታችም። ከዚያ ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ሁሉም ሠራተኛ የዕፅ ምርመራ ያደርጋል፣ ሽንት ይሰጣል፣ ስድሳ አንዱም ሰው።

ወይ ቀልዱ! አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ሥራ አልሠራም፣ ስለ ሽንት ሲያወራ ነው የዋለው። ጋሽ ሙጫ ማጣበቂያ ማሽን ላይ የሚሠሩ የሠራተኞች ተወካይ ናቸው። "እኔ ከወር በፊት ቀጠሮ ካልተያዘልኝ አልችልም" እያሉ ቢሮውን በሳቅ ገደሉት።

ማኅተም ጠራችኝና "ስም አይጻፍም፣ ምስጢር ነው። ለያንዳንዱ ሰው የምስጢር ቁጥር ስጪና ኩባያው ላይ ለጥፊ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ርቦኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ዝርዝር ነበር። ስም በግራ፣ ቁጥር በቀኝ፣ ከአንድ እስከ ስድሳ አንድ፣ ምንም ሳይጎድል የተዘጋጀ! ከየት እንደመጣ እንኳ አላየሁም፣ ስሞቹንም አላነበብኩም፤ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። ገለበጥኩት። በአስር ደቂቃ ጨርሼ ምሳዬን በላሁ። እንዴት ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ በናታችሁ፣ በራሴ ኮርቼ!

የምርመራው ቀን ሐኪሙ መጣ፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲያወራ ጎንበስ ካላላችሁ የማይሰማ። አንድ አንድ ወረቀት ለሁሉም አደለ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ጻፉ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጉ፣ ቢሮ ስጡ ይላል። ፖስታው የሚሰበሰበው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሽ ሙጫ ኩባያቸውን ሲቀበሉ ቁጥሩን አዩና "ኧረ! ሄልሜቴ ሽንት ቤት ገባ እንዴ?" አሉ። እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። ብቻ ሳቅኩ! ያኔ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። ማኅተም ፖስታውን ቀደደችው፣ አነበበችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። ከላይ ሁለት ጊዜ ተደውሎባታል፣ ዛሬ ካልተነገረ ብለው። "ከምሳ በፊት ሰሌዳው ላይ ለጥፊው። ቁጥር ነው፣ ስም የለውም፣ ማንም ማንን አያውቅም። ሁሉም የየራሱን ያያል" አለችኝ። ስድሳ ሰው ንጹህ። አንድ ቁጥር ብቻ "ተገኝቷል" ይላል። ሃያ ሦስት።

ስም ያለበት ዝርዝር ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል። እኔ ምን ብዬ እንደለጠፍኩት ልንገራችሁ? "ማን ይሆን?" ብዬ። እየሮጥኩ! ማን ይሆን እያልኩ፣ ማወቅ አላስችል ብሎኝ፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ የሚመጣውን ሰው ፊት ላይ እንዳነብ ብዬ ቀረሁ።

ማሽኖቹ ለምሳ ቆሙ። ሰው እጁን እየጠረገ ተሰበሰበ። መጀመሪያ አንዱ የራሱን አየና "ንጹህ ነኝ፣ ለሚስቴ ንገሩልኝ" አለ። ሳቁ። ከዚያ አንዱ ጣቱን ሃያ ሦስት ላይ አሳረፈ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም ቀና አለ። ሰሌዳውን ተወና ያጠገቡን ሰው ግንባር ማየት ጀመረ። እኔም አብሬ አየሁ።

ሄልሜት። ቢጫ ሄልሜት፣ ፊት ለፊቱ ላይ በቀይ ቀለም የመዳፍ ያህል ቁጥር የተጻፈበት። አርባ አንድ። አስራ ሁለት። የጋሽ ሙጫ አራት። ያ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ዝርዝር የሄልሜት ማደያ ነበር! የምስጢር ቁጥር ብዬ የሰጠኋቸው ሰው ግንባሩ ላይ ተሸክሞት የሚዞረውን ቁጥር ነው!

ክው አልኩ። እና በዚያው ቅጽበት፣ እግዜር ይመስክር፣ የፎርክሊፍቱን ጡሩንባ ሰማሁ። እታለም ባዶ ፎርክሊፍቷን ይዛ ከመጋዘኑ እየወጣች ነው። ፈገግ ብላ። ሄልሜቷ ላይ ሃያ ሦስት።

መንገድ ለቀቁላት፣ በግራና በቀኝ ተከፈሉ። እሷ ሰልፉ ለምሳ መስሏት "ምነው፣ ለእኔ ነው እንዴ የምትቆሙት?" አለች። ከኋላ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ "ለካ ካፒቴን ወደ ኋላ እንደዚያ የምትነዳው በባዶዋ አይደለም!" አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሌላው "ትንሽ ለእኛም አስቀሪልን!" አለ።

እታለም ሞተሩን አጠፋች። ወረደች። ሰሌዳው ድረስ ሄዳ አነበበች። ሄልሜቷን አውልቃ ቁጥሩን አየችው፣ የራሷን ቁጥር የማታውቅ ይመስል። ከዚያ ሄልሜቱን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ሄደች። ተከተልኳት።

መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ከፍታዋለች፣ ግን አትታጠብም። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

"እታለም..."

"በሩን ዝጊ።"

ዘጋሁ። "እታለም፣ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሳላይ ነው፣ ርቦኝ ነበር፣ የሄልሜት መሆኑን አላወቅኩም፣ አንቺ ደግሞ ዕፅ! አንቺ እኮ ለስላሳ እንኳን ሆዴን ይነፋኛል የምትዪ ሰው ነሽ፣ ስህተት ነው፣ የሌላ ሰው ሽንት ነው፣ እኔ እሄድና..."

"ሬድዮ።"

አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

"ስህተት አይደለም። የእኔ ነው።"

ነገረችኝ። ባለፈው ወር "ለሥልጠና ነው" ብላ አራት ቀን የጠፋችው ሆስፒታል ነበረች። ኦፕሬሽን። የት ቦታዋን? አልነግራችሁም። ለእኔ ነግራኛለች፣ ለእናንተ ግን ይሄን ያህል ብቻ እንድናገር ነው የፈቀደችልኝ። ከውስጧ የወጣው ነገር ተመርምሮ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ እየጠበቀች ነው። ሐኪሟ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ አዞላታል፣ ያውም ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ ሥራ በሌለበት። ምርመራው ያገኘው እሱን ነው።

"እኔ የምጠብቀው ሌላ ውጤት ነበር" አለች፣ ውሃውን እያየች። "ይሄኛው ቀድሞ መጣ።"

"እና ወረቀቱ ላይ ለምን አልጻፍሽም? መድኃኒት ካለ ጻፉ ብሎ የለ? ብትጽፊው ኖሮ እኮ..."

ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ፖስታው የሚሰበሰበው የማን ጠረጴዛ ላይ ነው?"

"የእ... እኔ እኮ አልከፍተውም ነበር!"

ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። እኔም አሰብኩ። አልከፍተውም ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ብርሃን ላይ አላየውም ነበር? ጋሽ ሙጫ የስኳር መድኃኒት እንደሚወስዱ በምን ያወቅኩ ይመስላችኋል? ኧረ! ይሄን አልሰማችሁም። በቃ፣ አልሰማችሁም።

"እናትሽ ካወቀች" አለች እታለም፣ "ከዛሬ ጀምሮ በቁሜ ታለቅስልኛለች። ውጤቱ ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ ሰው ሆኜ ልቆይ። ሥራዬን ልሥራ፣ ሰው ቀልድ ይቀልድብኝ፣ እኔም ልመልስ። አይዞሽ የሚለኝ ሰው አልፈልግም። ገባሽ?"

ገባኝ። እንባዬ ግን ዝርግፍ አለ። ቧንቧውን ዘጋችና በእርጥብ እጇ አፍንጫዬን ያዝ አድርጋ "ይቺን ሳጥን ዝጊልኝ፣ የኔ ሬድዮ" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ተጠራች። ማኅተም ጠረጴዛዋ ኋላ፣ እታለም ፊት ለፊቷ፣ ጋሽ ሙጫ በተወካይነት ከጎን፣ እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ልጽፍ። ጠረጴዛው ላይ ከሥራ የማገጃ ወረቀት ተዘርግቷል። ከጎኑ ማኅተሙ ቀለሙን ጠጥቶ ይጠብቃል።

"ምን እንደወሰዱ ይንገሩንና እንገላገል" አለች ማኅተም። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። የደከማት ነው የምትመስለው።

"ለሐኪሙ እነግረዋለሁ" አለች እታለም።

"እዚህ ያለነው እኮ ሁላችንም ቤተሰብ ነን።"

"እሱ ነው የከበደኝ።"

ጋሽ ሙጫ ሳል መጣባቸው። የእኔ ጆሮ ጋለ።

"ይስሙኝ" አለች ማኅተም። "ያ ልጅ ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ሌላ ሰው ክምር ቢናድበት ተጠያቂ እኔ ነኝ። መድኃኒት ከሆነ መድኃኒት ነው ይበሉ፣ የምን እንደሆነ ይንገሩን፣ እኔም ለበላይ ልንገር። ከውጤቱ ጋር የመጣው ወረቀት ግን የገለጹት መድኃኒት የለም ይላል። ታዲያ ምን ልበል?"

"ለሐኪሙ ብቻ።"

"እንግዲያው ቁልፉን ያስቀምጡ።"

እታለም ቀዩን ገመድ በራሷ ላይ አሳልፋ አወጣችው። አስራ ዘጠኝ ዓመት። ቁልፉ ጠረጴዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ቀጭ አለ። ማኅተም ወረቀቱን ወደሷ ገፋችና እስክሪብቶ ሰጠቻት።

እኔ ላይ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! አፌ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ ጥርሴን ይገፋዋል። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። "ኦፕሬሽን" ብል አለቀ! ማኅተም ትደነግጣለች፣ ጋሽ ሙጫ "ውይ እህቴን" ይላሉ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ይመለሳል። ከዚያ ግን እስከ ማታ መጋዘኑ ያውቃል፣ እስከ ነገ እናቴ ታውቃለች። እታለም እስክሪብቶውን አነሳች። ከመፈረሟ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ወደኔ አየች። አትለምነኝም። እኔ ምን እንደማደርግ የምታውቅ ይመስል ቀድማ የተቀበለችው ፊት ነው ያሳየችኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

ብድግ አልኩ። ወንበሬ ወደቀ።

"አንቀጽ ሰባት!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

"ምን?" አለች ማኅተም።

የምርመራውን መመሪያ ስድሳ አንድ ኮፒ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቆም አልችልም፣ አነበብኩት። ያነበብኩት ደግሞ ከአእምሮዬ አይወጣም። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ዜና አንባቢ ለቀቅኩት። "አንቀጽ ሰባት። የምርመራ ውጤት ለተመርማሪው ሠራተኛና ለመርማሪው ሐኪም ብቻ ይነገራል። የተገኘ ነገር ሲኖር ሐኪሙ ሠራተኛውን ብቻውን ሳያነጋግር ውጤቱ ለማንም አይገለጽም። አንቀጽ ስምንት። ሠራተኛው ስለ ጤናው ከሐኪሙ በስተቀር ለማንም መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ማኅተም አለው፣ የእርስዎ ፊርማም አለው!"

"ውጤቱ እኮ በምስጢር ቁጥር ነው የ..." አለች ማኅተም።

"ቁጥሩ የሄልሜት ነው።"

"የምን?"

"የሄልሜት! እኔ ነኝ። ሳላስብ ከሄልሜት ማደያው ገለበጥኩት። እርስዎ ምንም አላወቁም። ስም አይጻፍም ያሉት፣ ይኸው እያንዳንዱ ሰው ግንባሩ ላይ ተጽፎለታል።"

ማኅተም ቀስ ብላ ዞረችና የጋሽ ሙጫን ጭን አየች። ሄልሜታቸው እዚያ ተቀምጧል። አራት። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት።

ጋሽ ሙጫ ሄልሜታቸውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ ማኅተሙ አጠገብ አስቀመጡት። "ስለዚህ" አሉ፣ አንድ በአንድ፣ "ሰሌዳ ላይ የለጠፋችሁት ስሟን ነው። እኔ ተወካይ ሆኜ ይሄ ወረቀት እንዲፈረም አልፈቅድም። ሐኪሙ ይጠራ።"

ሐኪሙ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። እውነት እላችኋለሁ፣ የዓመት ሙሉ ፈተና ተፈትኛለሁ፣ እንደዚያች ሰዓት የረዘመ ነገር አላየሁም። ቢሮው ውስጥ በሩ ጥሩ አድርጎ የሚዘጋ ክፍል የጽሕፈት ዕቃ መጋዘኑ ብቻ ስለሆነ እታለምና ሐኪሙ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ። እኔ በሩ ፊት ለፊት ሁለቱንም እጆቼን ከስሬ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን አልደገንኩም። አውቀዋለሁ እኮ ምን እንደምትለው! ቢሆንም አልደገንኩም።

ሐኪሙ ወጣ። "በኔ በኩል አልቋል። ንጹህ ብላችሁ መዝግቡ። እስከ ሰኞ የሕክምና ፈቃድ ላይ ናት፣ ሰኞ ትነዳለች።"

"ምን ሆና ነው ግን?" አለች ማኅተም።

"ንጹህ ብላችሁ መዝግቡ" አለ፣ በዚያው በማይሰማ ድምፁ። መነጽሩን አስተካክሎ ሄደ።

ማኅተም ቁልፉን ራሷ አንስታ ለእታለም ሰጠቻት። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተችና "እኔ ሌላ ሰው እግሩ እንዳይሰበር ብዬ ነው" አለች። እታለም "አውቃለሁ" አለቻት። ከዚያ ማኅተም ወርዳ ወረቀቱን ከሰሌዳው በጥፍሯ ፍቃ አነሳችው። ፕላስተሩን በደንብ ነበር የለጠፍኩት፤ አንድ ጥግ አልላቀቅ ብሎ እዚያው ቀረ። ለእኔ ደግሞ "ከነገ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ነሽ፣ ቢሮ አትመጪም" አለችኝ። ዕቃዬን ከጠረጴዛዬ ላይ ለቀምኩ።

ጋሽ ሙጫ ሲወጡ ከጠረጴዛዬ ላይ ቡናማውን የካርቶን ፕላስተር አንስተው ጠረር አድርገው ቆረጡና ሄልሜታቸው ላይ፣ አራት ቁጥሯ ላይ ለጠፉት። "ከዛሬ ጀምሮ ስም አለኝ" አሉኝ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ እንዳትሉኝ። ማሸጊያ ክፍል እያለሁ ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ፤ "ካፒቴን ሰው አላት፣ ሸፋፈኑላት" ሲሉ። ምላሴን ነክሼ ካርቶን አጥፌያለሁ። አንድ ቀን ብቻ አንዱን በካርቶን ራሱን መታሁት፣ ባዶ ካርቶን ነው።

ያን ቀን ግን፣ ያው የሰሌዳው ቀን፣ ቤት ገባሁ። እናቴ ራት እያቀረበች "እሺ፣ ዛሬስ ፋብሪካው ምን አለ?" አለችኝ፣ ሁልጊዜ እንደምትለኝ። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ልትሰማ ተዘጋጅታለች።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም የለም።"

"እታለም ደህና ናት?"

ሳህኔን አየሁ። "ደህና ናት።"

"ብቻ?"

"ብቻ።"

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተነስታ መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች፣ አገላብጣም በእጇ ጀርባ ሞከረችው።

"ትኩሳት የለሽም እኮ" አለች። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

ሐሙስ ውጤቱ መጣ። እታለም መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። ከእናቴ በፊት! ምን እንዳለችኝ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፎርክሊፍቱ ላይ ናት፣ ሂዱና ራሷን ጠይቋት።